ለብ ያለ ውሃ

ስሟ ጀልባ ማለት ነው፣ ዉች፣ የፖላንድ ከተማ፤
ወንዟ ግን አይታይ፣ ሲሄድም አይሰማ።
ፋብሪካው ሲበዛ፣ ድሮ፣ በአያቶች ዘመን፣
ከነነፍሱ ቀበሩት፣ በጡብ ቅስት አርገው ድፍን።

እኔ የዚያች ከተማ የሌሊት ነርስ ነኝ፣
አምስተኛ ፎቅ፣ ኩላሊት ከተተከለላቸው ዘንድ የምገኝ።

ካቻምና ሆስፒታላችን ከጣሪያ እስከ ምድር ታደሰ፤
የየቧንቧው አፍ ወንፊት ለበሰ፤
ውሃው እንደ ክር ቀጠነ፣ አየር ተቀይጦበት፤
ማሞቂያው ብልህ ሆነ፣ ማንም ሳያስብለት
ከስልሳ ወደ አርባ ስምንት ወርዶ ነዳጅ ቆጠበ፤
ዳይሬክተራችንም የመስታወት ሽልማት ተረከበ።
እኔም አጨበጨብኩ። ለምን ልዋሽ?
ሒሳቡ ያምር ነበር።

ወይዘሮ ቫሌንቲና፣ ሦስተኛው አልጋ ላይ፣
አርባ ዓመት ሸማኔ፣ ጆሮዋን መዘውር የነጠቃት፣ ዓይኗ ግን እንደ ጭልፊት የሚያይ፣
አንድ ሌሊት የጋውኔን ጠርዝ ይዛ ጎተተችኝ፤
«ይቺን ትርፍ ክር ቁረጫት» አለችኝ።
«ከኋላ ተንጠልጥሎ የተረሳ ክር
ጨርቁን ሁሉ ይተረትረዋል፣ ቀስ ብሎ፣ በስውር።»
ቆረጥኩላት። ሳቀች። ሲመሽ ገላዋን ታጠበች፣
ልስልስ ያለ ውሃ ነው ብላ አመሰገነች።

በሳምንቱ ሳል። በማግስቱ ትኩሳት።
ከዚያ የጎረቤቷ አልጋ፣ ከዚያ ከበሩ አጠገብ ያለው ልጅ።
ሳንባቸው በራጅ ምስሉ ላይ ነጭ ጉም ለበሰ፤
የተለመደው መድኃኒት ቢሰጥም ከጀርሙ አልደረሰ።

ዶክተር ሃልሽካ፣ የጀርም ሐኪሟ፣
ሹራቧን ገልብጣ የምትለብስ፣ የማይገዳት ለስሟ፣
ከየቧንቧው ቀድታ በሳህን ዘራችው፤
አምስት ቀን ጠበቀች፤ በስድስተኛው አየችው፦
ነጥብ በነጥብ፣ እንደ ተፈጨ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣
ትኩሱን የሚፈራ፣ ቀዝቃዛው ላይ የሚያንቀላፋ፣ ለብ ያለው ላይ የሚፈነጭ።

«ግን ለምን እዚህ?» አለች፤ «ማሞቂያው ብቻ አይደለም፤
ያንኑ ውሃ ይቀዳል አራተኛው ፎቅ፣ ሳህኑ ላይ ግን አንዳች የለም።»

ቦጉሚልን ጠሩት፣ የቧንቧ ሠራተኛውን፣
ጡረታው የቀረበ፣ ጉልበቱ ደረጃ የማይወደውን።
መፍቻ አላነሳም፤ ጆሮውን ከግድግዳው አስጠግቶ
ኳ ኳ አደረገ፣ ሐኪም ደረት እንደሚመታ በጣቱ መቶ።
«እዚህ ጋ» አለ፣ «ድሮ መታጠቢያ ነበረ፤
ሲታደስ በሩ ተደፈነ፣ ቧንቧው ግን ቀረ።
መሄጃ የሌለው ውሃ፣ ሦስት ሜትር ሙሉ፣ ተኝቶበታል፤
ወራጁ ባለፈ ቁጥር ጥቂት ይጨልፍበታል።»

ግድግዳው ሲፈርስ አየሁት፦ የመዳብ ጭራ፣ አረንጓዴ የለበሰ፤
ከኋላ የተረሳ ክር። ቃሏ ጆሮዬ ውስጥ ተመለሰ።
ቦጉሚል ቆረጠው። ማክሰኞ ነበር።
ቫሌንቲና እሑድ ሞታለች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጥናቱ ያስረዳል፦
ውሃው ስልሳ ገባ፤ የነዳጁ ወጪ ግን እንደ ወረደ ይሄዳል፤
ከገላ ታጥቦ የሚወርደው ውሃ፣ ከመሄዱ በፊት፣
ሙቀቱን ለሚመጣው ያወርሳል፣ በቀጭን ብረት ግድግዳ፣ ፊት ለፊት።
የቧንቧው መንገድ አጠረ፤ ወንፊቱ ከእኛ ፎቅ ተነሳ፤
አንድ ዓመት ከአራት ወር፣ ያ ጀርም በሳህን ላይ ዳግም ራሱን አላነሳ።
ሃልሽካ አሳተመችው፣ በሠንጠረዥ፣ በቁጥር አስውባ፤
ስምንት ጸሐፊ አለው፤ ቦጉሚል ከግርጌ፣ በምስጋናው መስመር ገባ።
ቫሌንቲና «ታካሚ ሦስት» ትባላለች፤
ሠንጠረዥ ሁለት ላይ፣ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ተኝታለች።

ቁጠባን አልጠላሁም። የማይቆጥብ ቤት ይፈርሳል።
ግን ቆጣቢ የተረፈውን እንጂ የተረሳውን መች ይቆጥራል?

አሁን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ባዶ ክፍሎቹ እገባለሁ፤
ያልተነካውን ቧንቧ ከፍቼ አንድ ደቂቃ አፈሳለሁ።
እንፋሎቱ ተነስቶ መስታወቱን ይጋርዳል፤
ውሃው ከፎቅ ወደ ፎቅ፣ ወደ ጨለማው ይወርዳል፤
ከመንገዱ ሥር፣ ማንም በማያየው ቅስት
የተቀበረው ወንዝም ይሄዳል፤ አልቆመም እስካሁን ድረስ፣ ባለበት።

የጋውኔ ጠርዝ ላይ ሌላ ክር ወጥቷል።
አልቆረጥኩትም።